ተስማምቷል ያልኩበት ሪዞቶ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄን አስለቀስኳት። ምንም አላጠፋችም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ በርጩማ ጎትታ ምድጃው አጠገብ ወጣችና ማንኪያ ወደ ድስቴ ሰደደች። «አያቴ፣ እኔ ልቅመስልሽ» አለችኝ። ማንኪያውን ከእጇ መነጨቅኳት። «ማን ቅመሺ አለሽ! ውረጂ ከዚያ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት እኔኑ አስደነገጠኝ። እናቷ ዘይት የፈነጠቀባት መስሏት ከሳሎን እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆነች?»

«ትቃጠላለች ብዬ ነው» አልኩ።

ውሸቴን ነው። የድስቱ እጀታ ወደ ግድግዳ ዞሯል፣ እሳቱ ተቀንሷል፣ በርጩማውንም አስቀድሜ ሁለቴ ነቅንቄዋለሁ። እኔ ቤት ልጅ አይቃጠልም።

ልጄ ትስቅብኛለች። ሽሪምፕ ስገዛ ሱቅ ውስጥ አሸታለሁ፣ ቤት አምጥቼ አሸታለሁ፣ አጥቤ ደግሞ አሸታለሁ። «እማዬ፣ ዓሣ ሻጩ አንቺን ከሩቅ ሲያይ በሩን ሊዘጋ ምንም አልቀረው» ትለኛለች። ትሳቅ። ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ለእሷም ለማንም ነግሬ አላውቅም። ትንሿን ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ሳስብ፣ ይቅርታው በጣም ከሩቅ የሚጀምር ሆኖ አገኘሁት። በአፌ አልሆን ስላለኝ ልጻፈው።

እኔም ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከባሕሩ አጠገብ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ምግብ አብሳይ ነበረች። ቤቱ አሥራ አንድ መኝታ ክፍሎች፣ መስኮቶቹ ወደ ውሃው የሚከፈቱ የምግብ አዳራሽና ከበስተኋላ ወጥ ቤት ነበረው። ከወጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ጠባብ ክፍል ደግሞ የእናቴና የእኔ ነበረች። አልጋችን የተጠጋው ምድጃው ባለበት ግድግዳ ስለነበር በብርድ ወራት ጀርባችንን እየሞቅን እንተኛለን፤ በበጋ ደግሞ እንደ ዳቦ እንበስላለን። አባቴ ገና ሳልራመድ ነው የሄደው። ክፍሏ ከሥራው ጋር የተሰጠች መሆኗን፣ ሥራው ከሄደ አብራ እንደምትሄድ አላውቅም ነበር። እንደ ጆሮዬ የራሴ ትመስለኝ ነበር።

የቤቱን ባለቤት ሰው ሁሉ «ማዳም» ይላቸዋል። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ከእሳቸው ቀድሞ ይደርሳል። ዕቃ የምታጥበውን ሴት «እታለም» እንላታለን፤ እጇ ሁልጊዜ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። እኔን እናቴ «ቁንጥሬ» ትለኝ ነበር። ስወለድ ከአንድ ቁንጥር ጨው አልበልጥም ነበር አሉ።

በበጋ እንግዳ የሚመጣው ለባሕሩና ለእናቴ ሪዞቶ ነበር። ይህ ምግብ ሩዝ ነው፤ ግን ውሃ ተደፍቶበት፣ ተከድኖ የሚተው ሩዝ አይደለም። ሳይታጠብ በቅቤና በሽንኩርት ይቁላላል፤ ከዚያ ትኩስ መረቅ በጭልፋ በጭልፋ እየተጨመረበት፣ ሰው ከላዩ ሳይነሣ ይማሰላል። መረቁ የሚወጣው ከሽሪምፕ ቅርፊትና ጭንቅላት ነው። ሽሪምፑና ጥቁሮቹ ዛጎሎች መጨረሻ ላይ ይገባሉ፤ ከእነሱ ጋር ዝኩኒ፣ ለጋ አተር፣ የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ፣ ከጓሮ የተቀነጠሰ በሶብላና ፐርሰሜሎ። እናቴ ድስቱን ወዝወዝ ስታደርገው ሩዙ እንደ ማዕበል ተጠቅልሎ መመለስ ነበረበት። ካልተመለሰ ትቆጣለች፤ በሩዙ ነው የምትቆጣው፣ «ምን ሆነህ ነው አንተ?» እያለች።

ከዚያ በጋ በፊት እናቴን ከባድ ትኩሳት ጥሏት ሁለት ሳምንት ተኝታ ነበር። ተነሣች፣ ሽርጧን አሰረች፣ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ አዲስ ነገር መጣ። «ቁንጥሬ፣ ነይ ቅመሺ» ትለኛለች። «ቁንጥሬ፣ ነይ ይቺን አሽትቺ።» እኔ እቀምሳለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ትልቅ ሰው አስባለሁ። «ጨው ይፈልጋል» ወይም «ሎሚ በዝቶበታል» ወይም «ተስማምቷል» እላለሁ። እናቴም ሁልጊዜ፣ አንድም ቀን ሳታዛንፍ፣ «እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» ትለኛለች።

በዚህ የተነሣ ፈተና መሰለኝ። የክፍላችን አስተማሪ ሰባትና ስምንት ስንት ነው ብላ ስትጠይቀን ጠፍቷት አይደለም። እናቴም እንደዚያው ናት አልኩ፤ እሷማ ታውቀዋለች፣ እኔ ማወቄን ነው የምታየው። ትልቅ ሰው የማያውቀውን ነገር ልጅ ይጠይቃል የሚል ሐሳብ በየት በኩል ይምጣልኝ?

አንድ ቀን ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ አተር ስፈለፍል እታለምና እናቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለች እታለም። «ማዳም እኮ ሰው ናቸው።»

«ሰውማ ናቸው። ባለ ሆቴልም ናቸው።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ እንዲህ...»

«ሐኪሙ ይመለሳል ብሏል» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንዳንዱ ላይ ዓመትም ይፈጃል ብሏል።»

«ካልተመለሰስ?»

«እታለም! ሳህኑን!»

እኔ የሚመለሰው አባቴ መሰለኝ። ሐኪሙ የት እንዳገኘው ግን አልገባኝም። ያን ሰሞን ፀጉሬን ሳልታዘዝ አበጥር ነበር።

ያቺ ቅዳሜ የእኔ ቀን መሆን ነበረባት። እንግዳ የለም ተብሎ እናቴ ባሕር ልትወስደኝ ቃል ገብታልኛለች። ከምግብ አዳራሹ አሮጌ ሰማያዊ መጋረጃ ቀድዳ የዋና ልብስ ሰፍታልኝ ነበር፤ ወገቡ ላይ ያለው ላስቲክ ያሳክካል፤ እኔ ግን በመስተዋት ሳየው ልሞት ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ከቀሚሴ ሥር ለብሼው ቁጭ ብያለሁ።

የነጠላ ጫማው ድምፅ መጣ።

«ሃያ አራት ሰው!» አሉ ማዳም፣ መነጽራቸውን እያወዛወዙ። «ለምሳ! በአውቶብስ ነው የሚመጡት፤ ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው። ከሪዞቶው ሌላ ምንም አንፈልግም ብለዋል። እታለምም ዛሬ የለች።» የእታለም እህት ወልዳ ልትጠይቃት ሄዳ ነበር።

«ይደርሳል፣ ማዳም» አለች እናቴ።

ማዳም እስኪወጡ ጠብቄ፣ «ባሕሩስ?» አልኩ።

«ሌላ ቀን።»

«ቃል ገብተሽልኛል!»

«ገብቻለሁ። ዛሬ ግን ያለ አንቺ አይሆንልኝም፣ ቁንጥሬ።»

«ለምን? ሁሉን ታውቂው የለ!»

እጇ የሽርጧ ቋጠሮ ላይ ቆመ። አፏን ከፈት አድርጋ ነበር። ሊነገረኝ ይገባ የነበረው ሁሉ እዚያች አፍታ ውስጥ ነበር፤ አሁን ሳስበው። ከዚያ ፊቷን አዞረችና «አተሩን ፈልፍይ» አለችኝ።

የያዘኝን ንዴት እስካሁን ሆዴ ውስጥ አገኘዋለሁ። የአትክልተኛው ልጆች በፎጣ ተጠቅልለው ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። ታውቀዋለች፤ ለፈተናዋ ብላ ከባሕር ታስቀረኛለች። እሺ፤ እኔም ፈተናውን እወድቅላታለሁ አልኩ። እያወቅኩ ልሳሳት፣ ትናደድ፣ «ሰነፍ» ትበለኝ፤ ያኔ ምናልባት ሁለተኛ አትጠይቀኝም።

ዓሣ አምጪው ሲመጣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ስቆ ስለማያውቅ ከጀርባው «ጋሽ ኩርፊያ» እንለዋለን። ያን ቀን ሁለት ሣጥን ሽሪምፕና አንድ ቅርጫት ዛጎል ይዞ መጣ፤ ማዳም በድንገት ስላዘዙ ሁለተኛውን ሣጥን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በረዶው ቀልጦ ታቹ ይንጠባጠባል።

«ቁንጥሬ፣ ነይ አሽትቺልኝ» አለች እናቴ።

የመጀመሪያው ሣጥን ጨዋማ ውሃና እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። «ደህና ነው» አልኩ፣ እውነቴን። ሁለተኛው ላይ ጎንበስ ስል አንዳች ነገር አፍንጫዬን ወጋኝ። የሕፃን ሽንት የነካው፣ ተጠቅልሎ የተረሳ ጨርቅ ዓይነት ሽታ ነው። ዓይኔ ውሃ አቀረረ። ቀና ስል እናቴ ፊቴን ትኩር ብላ ታያለች። ይኸው፣ ጥያቄው መጣ አልኩ በልቤ።

«ይሄም ደህና ነው።»

እናቴ ከሁለተኛው ሣጥን አንዷን ሽሪምፕ አንሥታ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አሸት አደረገቻት። ደግማ አሸች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አልኩሽ እኮ! የባሕር ሽታ ነው።»

«እህቴ፣ አንቺ አታሸቺውም እንዴ?» አለ ጋሽ ኩርፊያ፣ ዓይኑን ከሣጥኑ ሳያነሣ።

«የልጅ አፍንጫ ንጹሕ ነው፣ ጋሼ» አለች እናቴ። እሱም ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ወጣ፤ አረማመዱ ከወትሮው ፈጠን ያለ ነበር።

አሁን «ተሳስተሻል» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ሁለቱን ሣጥን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጣ መላጥ ጀመረች። ጣቶቿ እንዴት እንደሚፈጥኑ! ጭንቅላቱን ቆርጣ ወደ መረቁ ድስት፣ ቅርፊቱን ወደዚያው፣ ገላውን ወደ ሳህኑ። ቅርፊቱ ሲፈላ ነው የምታስቆመው አልኩ። ቅርፊቱ ፈላ፤ ከእንፋሎቱ ሥር ያ ሽታ ቀጭን ሆኖ ወጣ። እናቴ አረፋውን ገፈፈችና ሴለሪ ጨመረችበት። ዛጎሎቹን አንድ በአንድ በማንኪያ መታ መታ እያደረገች ያልተከደኑትን፣ ሞተዋል ብላ፣ ጣለች። ሽንኩርቱ ቅቤው ውስጥ ጠወለገ፤ ሩዙ ገባ፣ ጠጠር እንደሚንኳኳ ይንኳኳ ጀመር። አንድ ጭልፋ መረቅ፤ ትሽሽ አለ። ሁለተኛ ጭልፋ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ጭልፋ እቆጥራለሁ። ላስቲኩ ወገቤን ይበላኛል።

ሰባተኛው ጭልፋ ላይ ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው፤ «እማ» ብዬ ነበር።

«ወዬ» አለች ሳትዞር። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል።

«ምንም።»

አተሩ ገባ፣ ዝኩኒው ገባ፣ ከዚያ ሽሪምፑ። በእሳቱ ላይ ሲገላበጥ ሮዝ ሆኖ፣ እንዴት እንደሚያምር! እናቴ በሶብላውን በእጇ ቀደደችው፣ ፐርሰሜሎውን ከተፈችው፣ የሎሚውን ልጣጭ ከላይ ፋቀችበት። ወጥ ቤቱ የአትክልት ቦታ መሰለ፤ ክፉው ሽታ የት እንደገባ እንጃ። ድስቱን ወዘወዘችው። ሩዙ እንደ ማዕበል ተጠቅልሎ ተመለሰ።

ማንኪያ አንሥታ እፍ እፍ አለችበትና ወደ አፌ አቀረበችው።

«ተስማማ?»

አፌ ውስጥ ያዝኩት። መጀመሪያ ቅቤው ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ሎሚው፤ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ሲጠጋ ያ ነገር፣ መራራ። ፊቷን አየሁ። በጣም ደክሟታል፤ ግን ፈተና የሚፈትን ሰው ፊት አልነበረም፤ ውጤቱን የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ይህን ያኔም አይቼዋለሁ፤ ማየቱንማ አየሁ። ምን እንዳየሁ ነው ያልገባኝ።

«ተስማምቷል» አልኩ።

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር።»

እኔ ከጓሮው በር ጀርባ ሄጄ ተፋሁት። ስመለስ ማዳም ራሳቸው ሳህኖቹን በትሪ ይዘው እየወጡ ነበር። እሳቸው የባሕር ነገር ሰውነታቸውን ስለሚያሳብጠው አይቀምሱም። ከአዳራሹ ሳቅና የሹካ ድምፅ ተሰማ። አንዳንዱ ሳህን ግማሹ ሳይነካ ተመለሰ፤ ብዙው ግን ተጠርጎ ነው የመጣው። እኔም ተረጋጋሁ። እናቴ እያወቀች ካቀረበችው ችግር የለውም ማለት ነው አልኩ። እናቴ ያላወቀችው ምን ነገር አለና?

ፀሐይ ሳትጠልቅ መምህራኑ መታመም ጀመሩ። አውቶብሱ መንገድ ላይ እየቆመ፣ እየቆመ ነበር አሉ የሄደው። አንድ አዛውንት ክሊኒክ ገብተው አራት ቀን ተኙ። ከአልጋ ሲነሡ ያለ ምርኩዝ መሄድ አልቻሉም ሲባል ሰምቻለሁ። እኚያን ሰው በመልክ አስታውሳቸዋለሁ፤ ከአውቶብሱ ሲወርዱ ኮፍያቸውን አንሥተው «ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሪት» ብለውኛል። እኔን። ወይዘሪት።

በማግስቱ ጠዋት ማዳም ወጥ ቤት መጡ። የዚያን ቀን ድምፃቸው አልቀደማቸውም፤ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሽሪምፑን አላሸተትሽውም?» አሏት እናቴን።

እናቴ ሽርጧን በጣቷ ትጠቀልላለች። «የእኔ ጥፋት ነው፣ ማዳም።»

«ጥፋት መሆኑንማ አየሁት! ጠየቅኩሽ እኮ። አሸተትሽው ወይስ አላሸተትሽውም?»

«አልችልም» ብትል፣ አፍንጫ የሌለው አብሳይ የት ወጥ ቤት ይገባል? «ልጄ ነች ደህና ነው ያለችኝ» ብትል ደግሞ... ሁለቱም በሮች ከፊቷ ነበሩ፤ ሁለቱንም ሳትነካ ቆመች።

«ወይስ ዕቃው እንዳይጣል ብለሽ ነው? እያወቅሽ ነው?» አሉ ማዳም። ድምፃቸው ተሰበረ። «እንደ እህቴ አይቼሽ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቁንጥሬ፣ አንቺ እዚህ ነበርሽ። እናትሽ መበላሸቱን አውቃለች?»

እናቴን የሰደቧት መሰለኝ። ሙያዋን የማታውቅ፣ ጥሩውን ከመጥፎው የማትለይ ያሏት መሰለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

«እናቴ ሁሉንም ታውቃለች!» አልኩ። «እናቴ ምንም አይጠፋትም!»

እናቴ አየችኝ። አልተቆጣችም። ማዳምም ሌላ ምንም አልጠየቁም። እኔ የመሰከርኩላት መስሎኝ እጇን ልይዝ ሄድኩ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ለምሳ ሰዓት ዕቃችን በሁለት ሻንጣ ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። እታለም ስትመጣ ያገኘችን መንገድ ላይ ነው፤ አረፋ በሌለው እጇ ፊቷን ይዛ ቆመች። ሰማያዊው የዋና ልብስ ሻንጣው ግርጌ ነበር። ባሕሩን በመኪና መስኮት አየሁት።

ወደ ሌላ ከተማ ሄድን። ከአንድ ልብስ ንጽሕና ቤት በላይ ክፍል ተከራየን፤ እናቴ ታች አንሶላ ትተኩሳለች፣ ላይ ደግሞ የሰው ልብስ ትጠግናለች። ሁለተኛ ወጥ ቤት አልገባችም። ስለዚያ ቀንም አንድ ቃል አላወጣችም። እኔ ደግሞ፣ ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፣ ለአምስት ዓመት በእናቴ አፈርኩ። እያወቀች ለሰው የተበላሸ አብልታለች፣ ለዕቃ ሳስታ አዛውንት ክሊኒክ አስተኝታለች ብዬ ነበር የማስበው። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስባል አመማት እያልኩ አስቀራት ነበር። የሰው ዓይን እንዳያውቃት።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከደረጃው ሥር ጀምሮ የሚያር ወተት ሸተተኝ። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ ወጣሁ። እናቴ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ መስኮቱ አጠገብ ቁልፍ ትተክላለች። ከኋላዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ወተቱ አሮ ጠቁሯል። ሽታው ጉሮሮ ያንቃል። እሷ ግን ለራሷ ታንጎራጉራለች።

«እማ! ወተቱ!»

ብድግ አለች፤ ድስቱን ስታይ ነው የደነገጠችው። «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለች፤ ከዚያም አፍንጫዋን ሰብሰብ አድርጋ «እንዴት ይሸታል!» አለች። የምታስመስል ሰው አፍንጫ ነበር። ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» የሚለው ቃሏ መጣብኝ። ከዚያ ትኩሳቱ፣ የእታለም «ንገሪያቸው»፣ ሐኪሙ ይመለሳል ያለው ነገር፣ «ያለ አንቺ አይሆንልኝም»። አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ። ቦርሳዬን እንኳ አላወረድኩም።

ሁሉን ታውቃለች ብዬ የማልኩላት ሴት ምንም አታውቅም ነበር። የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ብቻ ነው።

ያን ቀን ልነግራት ይገባ ነበር። ድስቱን ፈተግኩላት። ሌላ ቀን ልነግራት ይገባ ነበር፤ ስዳር፣ ስወልድ፣ ልጄን አቅፋ ስትስቅልኝ። ሁልጊዜ አንድ የሚፈተግ ነገር አላጣሁም።

ይህን እየጻፍኩ የልጅ ልጄ ስልክ ደወለች። «አያቴ፣ አሁንም ተቆጥተሽኛል?»

«በአንቺ አይደለም፣ ዓለሜ።»

«ታዲያ በማን ነው?»

«ሹራብ ለብሰሻል? ነፋስ አለ እኮ!» አልኳት።

ይኸው ነኝ።

እናቴ ከመሞቷ በፊት በነበረው በጋ እኔ ቤት ነበረች። አፍንጫዋም ምላሷም አልተመለሱም፤ በቤቱ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አያነሣውም። አንድ ቀን ሪዞቶ አማረኝ አለች። ጣዕሙ ሳይሆን ድስቱ ሲወዘወዝ ማየት አምሮኝ ነው አለችኝ። ሽሪምፕ ገዛሁ፤ ሦስቴ አሸተትኩ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ልላጥልሽ አለችና ጀመረች። ጣቶቿ ቀስ ይላሉ እንጂ መንገዱን አልረሱም። አንዷን ሽሪምፕ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሸት አድርጋ ወደ ጎን አስቀመጠቻት።

«ይቺን ጣያት።»

አነሣሁና አሸተትኩ። በጣም በጥቂቱ፣ አዎ። ሦስቴ አሽትቼ አምልጣኛለች።

«እንዴት አወቅሽ፣ እማ?»

«ታሙለጨልጫለች።» መላጡን ቀጠለች። «ያን ጊዜም ጣቶቼ ነግረውኝ ነበር።»

ያን ጊዜ የቱ ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ቢላዋዬ ዝኩኒው ላይ ቆመ።

«ነግረውኝ ነበር» አለች። «አንቺ ግን ደህና ነው አልሽ፤ እኔም ጣቴን ትቼ አንቺን አመንኩ። ለካ ጉንፋን ይዞሽ ኖሯል። ምን ሌላ ይሆናል? በማግስቱ ነው ያሰብኩት፤ ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ነበር እኮ፣ ሣጥኑ ላይ ስታሸቺ። ጉንፋን የያዛት ልጅ አቁሜ ሥራ ሥራ ስል፣ ግንባሯን እንኳ ሳልነካ!» ራሷን ነቀነቀች። «ማዳምን አልረሳኋቸውም፣ ሽማግሌውንም አልረሳኋቸውም። ግን ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ነው። ታመሽ ሳላይልሽ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ለእኔ ጉንፋን ፈልጋ፣ ጉንፋኑንም በራሷ ላይ ጭና ኖራለች።

አፌን ከፈትኩ። መረቁ ገነፈለ። ብድግ ብዬ እሳቱን ቀነስኩ፣ ምድጃውን ጠረግኩ፤ ጨርቁን አጥቤ ጨመቅኩ፤ አንድ ጊዜ የተጨመቀውን ደግሜ ጨመቅኩ። ስዞር እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ሩዙን ጨመርኩ፤ አንድ ጭልፋ፣ ሁለት ጭልፋ። አተሩ፣ ዝኩኒው፣ ሽሪምፑ። በሶብላውን እሷ ቀደደችልኝ። ድስቱን ወዘወዝኩላት፤ ሩዙ ተጠቅልሎ ተመለሰ፣ እሷም እንደ ልጅ አጨበጨበች።

ከዚያ ማንኪያ አንሥታ ከድስቱ ጨለፈች፤ እፍ እፍ ብላ፣ ወደ አፌ አቀረበችልኝ።

«ተስማማ?»

ቀመስኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም።

«አልተስማማም፣ እማ» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «ጨው ጎድሎታል።»

ጨዉን በጣቶቿ ቆንጥራ ከላይ በተነችበት። ረጅም ጊዜ ፊቴን አየችኝ፤ ያኔ ከሁለተኛው ሣጥን ቀና ስል እንዳየችኝ አድርጋ። ከዚያ ከንፈሯ በአንድ በኩል ፈገግ አለ።

«እሰይ» አለች። «ጉንፋንሽ ለቀቀሽ ማለት ነዋ።»